ሊድስን ከልጆች ጋር፦ የቤተሰብ ቀን እንዴት ታቅዶ እንደሚያልፍ

ሊድስ የሚኖር ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት የሚገጥመው ጥያቄ ያው ነው። ልጆቹን ዛሬ የት እንውሰዳቸው? ብዙ ጊዜ መልሱ የገበያ ማዕከል ይሆናል። ቅርብ ነው፣ ይሞቃል፣ ዝናብ የለበትም። ግን እዚያ የዋለ ቤተሰብ ገንዘቡን ጨርሶ ይመለሳል። ልጆቹም ማታ ስለ ቀኑ ሲጠየቁ የሚያወሩት የላቸውም።

ቦታ ግን ሞልቷል። ሊድስና አካባቢዋ በነፃ የሚገባባቸው ትልልቅ ሙዚየሞች አሏቸው። ሐይቅ ያለው መናፈሻ፣ የፈረሰ ገዳም፣ የእንፋሎት ባቡር፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሁሉም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚዳረስ ነው። ቀኑ የሚበላሸው ባልታሰበበት ነገር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ከዕቅዱ እንጀምር፣ ከዚያ ቦታዎቹን አንድ በአንድ እናያለን። ሰዓቶቹን በእንግሊዝ አቆጣጠር፣ ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ርዝመቱን በትንሹ ልጅ፣ ይዘቱን በትልቁ ልጅ ለኩ

ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ሦስት ዓይነት ቀን ይፈልጋል። ሁሉንም ማስደሰት የሚቻለው በአንድ መንገድ ነው። ምን ያህል ሰዓት እንደምትቆዩ ትንሹ ልጅ ይወስን። ምን እንደምታዩ ትልቁ ይወስን። የ2 ዓመት ሕፃን ከ3 ሰዓት በላይ አይቆይላችሁም፤ እንቅልፉ መጣ ማለት ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ዳክዬ መመገብ ሰልችቶታል። ለ3 ሰዓት ጎራዴና የጦር ልብስ አሳዩት፣ ሕፃኑ በጋሪው ይተኛ። ሁለቱም ይደሰታሉ።

በደፈናው ለመናገር፣ ከ4 ዓመት በታች ላሉ የእርሻ እንስሳት፣ ቢራቢሮና ሰፊ ሜዳ ይበቃል። ከ4 እስከ 8 ላሉ ባቡርና በእጅ የሚነካ ነገር ሁሉ ይሆናል። ከ8 በላይ ላሉት ታሪክና ትንሽ የሚያስፈራ ነገር ጨምሩበት። አሥራዎቹ ውስጥ የገቡትን ምርጫው ላይ አሳትፏቸው። ሳይጠየቁ የተወሰዱበት ቦታ ምንም ያህል ቢያምር ስልካቸው ላይ ነው የሚውሉት።

ደረጃ 2፦ አንድ አቅጣጫ፣ ሁለት ቦታ

ሊድስ የምድር ውስጥ ባቡርም ትራምም የላትም። ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመሻገር አውቶቡስ ቀይሮ፣ መሃል ከተማ ቆሞ መሄድ ነው። ጠዋት በሰሜን ያለው ራውንዴይ፣ ከሰዓት በደቡብ ያለው ሚድልተን ብላችሁ ካሰባችሁ ቀኑን አውቶቡስ ውስጥ ትጨርሱታላችሁ። ስለዚህ አቅጣጫ ምረጡ፤ በዚያ አቅጣጫ አንድ ጣሪያ ያለው ቦታና አንድ ሜዳ ያዙ። ዝናብ ሲመጣ ትገባላችሁ፣ ሲያባራ ትወጣላችሁ። የዮርክሸር ሰማይ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ጠባዩን የሚቀይር ነው፤ የአየር ትንበያውን አይቶ ቀኑን ሙሉ መሰረዝ አያስፈልግም።

ሦስተኛ ቦታ ለመጨመር አትሞክሩ። ዐይን አዋጅ ይሆንና ሁሉንም ግማሽ ግማሽ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ማታውኑ ደግሞ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሰኞ ብዙ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ግን አንዳንዶቹ ይከፍታሉ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻ መግቢያ ከመዝጊያው ሰዓት ቀደም ይላል። በ5 ሰዓት የሚዘጋ ቦታ በ4 ሰዓት አስገብቶ ላይጨርስ ይችላል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከ4 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ በክረምት ሜዳውን ጠዋት፣ ሙዚየሙን ከሰዓት አድርጉ። በሰኔ እስከ ምሽቱ 9 ሰዓት ተኩል ብርሃን ስላለ አትቸኩሉ።

ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከሌላው የተሻለ ዕድል አላችሁ። በሥራ ቀን ጠዋት ሙዚየሞቹ በተማሪዎች ይሞላሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ተማሪው ወደ አውቶቡሱ ሲመለስ ቤቱ ጭር ይላል።

ደረጃ 3፦ የመንገዱን ወጪ አስቀድማችሁ ቀንሱ

ባቡር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የቤተሰብና የጓደኛ የባቡር ካርድ ሳትይዙ አትውጡ። ለአዋቂው ከዋጋው አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፣ ለልጁ 60 በመቶ። እስከ 4 አዋቂና 4 ልጅ በአንድ ካርድ ይሄዳል። ከእናንተ ጋር ቢያንስ አንድ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ መኖር አለበት። ካርዱ ላይ ስማችሁ ስላለ ለጎረቤት ማዋስ አይቻልም። ጎረቤቱን ይዞ መሄድ ግን ይቻላል፤ ሁለት ቤተሰብ ተቀናጅቶ ሲሄድ በጥቂት ጉዞ ዋጋውን ይመልሳል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በባቡርም በአውቶቡስም አይከፍሉም።

ለአውቶቡስ የቀን ትኬቱን አስቡ። ኤምካርድ የሚባለው የዌስት ዮርክሸር ካርድ በስልክ መተግበሪያም አለ፤ በተለያዩ ኩባንያዎች አውቶቡስ ላይ ይሠራል። የአንድ ኩባንያ ትኬት ገዝታችሁ የሌላ ኩባንያ አውቶቡስ ሲመጣ ከመቆም ይሄኛው ይሻላል።

መኪና ያላችሁ መሃል ከተማ አትግቡ። ከከተማው ጠርዝ የፓርክ ኤንድ ራይድ ማቆሚያዎች አሉ፤ መኪናውን እዚያ ትታችሁ በአውቶቡስ ግቡ። መኪናው የሚጠቅመው ወደ ቴምፕል ኒውሳም እርሻና ሜዳ፣ ወደ ሎዘርተን መናፈሻ፣ ወደ ከሰል ሙዚየሙና ወደ ዮርክሸር ቅርጻ ቅርጽ ፓርክ ስትሄዱ ነው።

ደረጃ 4፦ ምግቡን ከቤት

አራት ሰው በሙዚየም ካፌ ምሳ ሲበላ ሒሳቡ ከመግቢያ ትኬት ይበልጣል። በነፃ የገባችሁበትን ቀን ምግቡ ያስከፍላችኋል። ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ቆሎ ያዙ። ፍርፍርም በምሳ ዕቃ ይሄዳል፤ ብቻ ሹካና ብዙ ሶፍት አትርሱ። ፔርሙዝ ሻይ ለወላጅ ነው። ብዙ ሙዚየሞች ከቤት የመጣ ምግብ የሚበላበት ክፍል አላቸው፤ ካላያችሁት ሠራተኛ ጠይቁ።

በጾም ቀን ከውጭ መግዛት ግድ ከሆነ ቪጋን የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም። ቬጀቴሪያን የሚለው ግን ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል አይሆንም። ሐላል ለምትፈልጉ፣ ወደ ራውንዴይ በሚወስደው መንገድ ሃሬሂልስ ሠፈር ምርጫ አለ። የመሃል ከተማ ካፌዎች ላይ ግን መጠየቅ ይሻላል።

ከምግቡ ሌላ ለእያንዳንዱ ልጅ ትርፍ ካልሲና ሱሪ ያዙ። ኩሬ ያየ ልጅ ይገባበታል። ጃንጥላ በዚህ ነፋስ አይጠቅምም፤ ቆብ ያለው የዝናብ ጃኬት ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

መሃል ከተማ፦ ጀልባ፣ ጎራዴ፣ የግብፅ ካህን

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ከሊድስ ባቡር ጣቢያ በደቡቡ መውጫ ውጡ። እዚያው ግራነሪ ወርፍ ከሚባለው የውኃ ዳር ቢጫ ትንንሽ ጀልባዎች ወደ ሊድስ ዶክ ይሄዳሉ። ጉዞው አጭር ነው፣ ለልጅ ግን ቀኑ የጀመረው እዚያ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባው እየሠራ መሆኑንና ዋጋውን እዩ። ወንዙ ሲሞላ አይሄድም። ያን ጊዜ በወንዙ ዳር በእግር መሄድ ትችላላችሁ፤ መንገዱ ለጋሪም ይመቻል።

ጀልባው የሚያወርዳችሁ ሮያል አርመሪስ በር ላይ ነው። የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ሲሆን በ1996 ተከፈተ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም እንይ አትበሉ። ሦስት ነገር ለይታችሁ እዩ። አንደኛው ለዝሆን የተሠራው የህንድ የብረት ልብስ ነው። ዝሆኑ በቁመቱ ልክ ቆሞ ስለሚታይ ትንሽ ልጅ ሥሩ ሆኖ አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀራል። ሁለተኛው ቀንድ ያለው የራስ ቁር ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከቅዱስ ሮማ ንጉሠ ነገሥት ከማክሲሚሊያን በስጦታ ያገኘው ነው። ጠጋ ብላችሁ ፊቱን ተመልከቱ። መነጽር አለው፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ የንፍጥ ጠብታ ተቀርጿል፣ አገጩ ላይ ያልተላጨ ጢም አለ። ልጆች ጠብታዋን ሲያገኙ መሳቅ አያቆሙም። ፈልጉ በሏቸው፣ እናንተ አታሳዩአቸው። ሦስተኛው ከታች እስከ ላይ በጦር መሣሪያና በጦር ልብስ የተሸፈነው የደረጃው ግንብ ነው።

ከዚያ ወደ ከተማ ተመልሳችሁ ሚሊኒየም አደባባይ ላይ ወዳለው የሊድስ ከተማ ሙዚየም ሂዱ። እሱም ነፃ ነው። መሃል አዳራሹ ወለል ላይ የሊድስ ግዙፍ ካርታ ተነጥፏል። ልጆቹ ይሮጡበታል። ቤታችን የት ነው? ትምህርት ቤታችንስ? ብላችሁ ፈልጉ ብትሏቸው ሩብ ሰዓት ያልፋል። ላይ ፎቅ ደግሞ ነስያሙን አለ። ከ3,000 ዓመት በፊት በካርናክ ቤተ መቅደስ ያገለገለ የግብፅ ካህን ነው። ወደ ሊድስ የመጣው በ1823 ነው። በ1941 የጀርመን ቦምብ የቀድሞውን ሙዚየም ሲመታ ከሦስቱ አስከሬኖች የተረፈው እሱ ብቻ ነው። በ2020 ተመራማሪዎች የጉሮሮውን ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) ሠርተው አንዲት አጭር ድምፅ አሰምተውበታል። ለሚፈሩ ልጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሞተ ሰው አካል ነው፣ ፊቱም ይታያል። አልገባም ያለውን አታስገድዱ።

ምሳ ካልያዛችሁ ከርክጌት ገበያ መሃል ላይ ነው። የዛሬው ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በ1884 ከአንዲት የገበያ ጠረጴዛ የተነሣው እዚህ ነው። ከሙዚየም ካፌ በጣም ይረክሳል። እሑድ ከሆነ መክፈቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከርክስቶልና ሄዲንግሊ፦ ገዳሙና ልዑሉ

ለሐበሻ ቤተሰብ አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው።

ከርክስቶል ገዳም በ1152 ሲስተርሺያን በሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ተመሠረተ። በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የአገሩን ገዳማት ሲዘጋ ተዘጋ። ጣሪያው ወረደ። ለረጅም ዘመን የመኪና ሳይሆን የጋሪ መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ መሃል አልፎ ይሄድ ነበር። ግድግዳው ግን ዛሬም ቆሟል፤ በእንግሊዝ ካሉት የሲስተርሺያን ገዳማት ፍርስራሾች በደንብ ከተጠበቁት አንዱ ነው። ዙሪያው ኤር ወንዝ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ሲሆን ክፍያ የለውም፤ የልጆች መጫወቻም አለው። ፍርስራሹ ውስጥ ለመግባት የሚጠየቅ ክፍያ ካለ ማታውኑ ድረ ገጹ ላይ እዩ።

ልጆቹን ወደ ውስጥ ስታስገቡ ሥራ ስጧቸው። መነኮሳቱ የት ነበር የሚበሉት? የት ይተኙ ነበር? የእኛ ገዳማት ዛሬም መነኮሳት ያሉባቸው ስለሆነ ልዩነቱ በቀላሉ ይገባቸዋል። እዚህ ድንጋዩ አለ፣ ጸሎቱ ግን የለም። ላሊበላን ወይም ደብረ ሊባኖስን በፎቶ ያየ ልጅ ብዙ ይጠይቃል፤ ጊዜ ስጡት።

ከዚያ አውቶቡስ ይዛችሁ ወይም በእግር አቀበቱን ወጥታችሁ ወደ ሄዲንግሊ ዝለቁ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የሞተው በዚህ ሠፈር ነው። በ1868 ከመቅደላ ሲወሰድ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሳሉ ሞቱ። እንግሊዝ አገር አደገ፤ በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ አልሆነለትም። በኋላ ሊድስ መጥቶ መምህሩ ሲሪል ራንሰም ቤት ተቀመጠ። ታመመ፣ በኅዳር 1879 እዚያው ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጆርጅ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። እንግሊዝኛ እየተናገሩ በሊድስ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ናቸውና ታሪኩ ከማንም በላይ የነሱ ነው። ከ8 ዓመት በታች ላሉት አጭሩን ንገሩ፤ ከአገሩ ርቆ ያደገ ልዑል እዚህ ሠፈር ይኖር ነበር ማለት ይበቃል። ከፍ ላሉት ግን ሙሉውን አትደብቁ። ሄዲንግሊ ውስጥ የተለየ የሚገባበት ሕንፃ አትፈልጉ፤ በጎዳናው እየተራመዳችሁ አውሩት። በዚያው ካፌ ገብታችሁ ትኩስ ቸኮሌት ጠጡና ወደ ቤት።

ራውንዴይ፦ ሜዳውና ሙቁ ቤት

ራውንዴይ ፓርክ ከ700 ኤከር በላይ ነው። የሊድስ ከንቲባ ጆን ባራን በ1871 ለከተማው ሲገዙት ብዙ ሰው ራቀ፣ አባከኑ ብሎ ተቃውሞ ነበር። ዛሬ የከተማው ሰው ሁሉ የሚተነፍስበት ቦታ ነው። ሁለት ሐይቅ አለው። ትልቁን ዋተርሉን መዞር ለትልቅ ልጅ ጥሩ የእግር ጉዞ ነው፤ በጋሪም ይቻላል። ሕፃን ላለው ቤተሰብ ትንሹ ሐይቅ ይበቃዋል። ውኃው ላይ መዋኘት አይፈቀድም፣ ጥልቅና ቀዝቃዛ ነው፤ የሮጠ ልጅ እጁን ያዙ።

ከመንገዱ ማዶ ትሮፒካል ወርልድ አለ። ይከፈልበታል፤ ትኬቱን በስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። ውስጡ እንደ ጋምቤላ ይሞቃል። ቢራቢሮዎች ከራሳችሁ በላይ ይበራሉ፣ ሚርካቶች ቆመው ያዩአችኋል፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ የሌሊት ወፎች አሉ። ምርጡ ጊዜው በጥርና በየካቲት ብርድ ነው። ስትገቡ መነጽር ይደበዝዛል፣ የካሜራ መስታወትም እንዲሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ወፍራሙን ጃኬት መግቢያው ላይ አውልቁ፤ ልጁ በላብ ከራሰ በኋላ ወደ ውጭ ሲወጣ በጣም ይበርደዋል።

በበረዶ ቀን ሂል ሲክስቲ የሚባለው ተዳፋት ላይ መላው ሠፈር ይንሸራተታል። መንሸራተቻ የሌለው ባዶ ትሪና ወፍራም ፌስታል ይዞ ይመጣል።

ሚድልተን፦ የእንፋሎቱ ባቡር

ባቡር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ከደቡብ ሊድስ አትራቁ። የሚድልተን ባቡር መስመር በ1758 በፓርላማ ሕግ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ሳይቋረጥ የሠራ የዓለማችን የመጀመሪያው ነው ይባላል። በ1812 በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ ሥራ በሚያዋጣ ሁኔታ የጎተተው እዚህ ነው፤ የሚያመላልሰውም ከሰል ነበር። ከ1960 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያስኬዱት።

መነሻው ሃንስሌት ውስጥ ሙር ሮድ ጣቢያ ነው። ጉዞው አንድ ማይል ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ልጅ አይሰለችም። ሾፌሮቹ ልጅ ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። የሚሠራው በአብዛኛው ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ነው፤ የሚጎትተው እንፋሎት ይሁን ናፍጣ በቀኑ ይለያያልና ማታውኑ እዩ። መጨረሻው ሚድልተን ፓርክ ጫካ ዳር ነው፤ ምሳችሁን እዚያ ብሉና በሚቀጥለው ባቡር ተመለሱ።

ዌክፊልድ ዳር፦ ወደ ከሰሉ ጉድጓድ መውረድ

ከ8 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከሁሉም የማይረሳው ይህ ነው። የአገሪቱ የድንጋይ ከሰል ሙዚየም ኦቨርተን የሚባል መንደር ውስጥ፣ የቀድሞው ካፕሃውስ ማዕድን ማውጫ ላይ ነው። ግቢውን ማየት ነፃ ነው። ወደ ታች የሚወስደው ጉብኝት ግን ይከፈልበታል፤ ቦታው የተወሰነ ስለሆነ አስቀድማችሁ ያዙት። 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይወርድም፤ ስለዚህ ሕፃን ካለ አንዱ ወላጅ ከላይ ይቀራል። እዚያ ደግሞ ፈረሶች አሉ፣ መጫወቻ ሜዳም አለ።

ከመውረዳችሁ በፊት የእጅ ሰዓት፣ ስልክ፣ የመኪና ቁልፍ፣ ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ ይወሰዳል። ከሰል ያለበት ጉድጓድ ጋዝ ሊኖረው ስለሚችል አንዲት ብልጭታም አትፈቀድም። የራስ ቁርና መብራት ይሰጣችኋል። ከዚያ ሊፍቱ 140 ሜትር ይወርዳል። መሪዎቹ በዚያው ሥራ ያረጁ የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው። የሚናገሩትም የመጽሐፍ አይደለም፤ የአባታቸውና የአያታቸው ነው። በቪክቶሪያ ዘመን የ5 ዓመት ሕፃን በጨለማ ተቀምጦ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ይውል እንደነበር ሲነግሯችሁ፣ አንድ አፍታ መብራቱን ሁሉ ያጠፋሉ። እጃችሁን ከዐይናችሁ ፊት ብታወዛውዙ አይታይም። ያኔ ልጃችሁ እጃችሁን ይይዛል። ጨለማ ለሚፈራ ልጅ ይሄን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ታች ብርድ ነው፣ ወለሉም ርጥብ። ስኒከር ሳይሆን ጠንካራ ጫማ፣ ሹራብና ረጅም ሱሪ አልብሱ። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ከመውረዱ በፊት ሽንት ቤት ግድ ነው፣ ታች የለም።

በባቡር የሚወጡ ቀኖች

ሶልቴር ከሊድስ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ታይተስ ሶልት የተባለው ባለፋብሪካ በ1853 ፋብሪካውን ከፍቶ ዙሪያውን ለሠራተኞቹ መንደር ሠራ። ጎዳናዎቹን በልጆቹ ስም ጠራቸው። መንደሩ በ2001 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። የፋብሪካው ሕንፃ ውስጥ የዴቪድ ሆክኒ ሥዕሎች በነፃ ይታያሉ። ልጆች የሚወዱት ግን ወንዙን ተሻግሮ ያለውን ፓርክ ነው፤ የአልፓካ ሐውልቶች አሉበት። ሀብቱ የመጣው ከአልፓካ ሱፍ ስለሆነ ነው። ጉልበት ያላችሁ በቦዩ ዳር ወደ ቢንግሊ ሂዱ፤ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ በ1774 የተሠሩ ተከታታይ አምስት የውኃ በሮች አሉ፤ ጀልባ እንደ ደረጃ እየወጣ 18 ሜትር ይነሣል። ጀልባ ሲያልፍ ካጋጠማችሁ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። መመለሻ ባቡሩ እዚያው ቢንግሊ ጣቢያ አለ።

ኢልክሊ ነፃ ቀን ለሚፈልግ ነው። ከሊድስ ግማሽ ሰዓት በባቡር፣ ከዚያ ወደ ላም እና ጥጃ ድንጋዮች አቀበት። ከላይ ሆነው ሸለቆውን ያያሉ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው።

ሃሊፋክስ ያለው ዩሬካ እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ሙዚየም ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጎን። ዋጋው ይወደዳል። ትኬቱ ለዓመት እንደሚያገለግል ስትገዙ አረጋግጡ፤ ያን ጊዜ በክረምት ተመላልሳችሁ ታወጡታላችሁ።

ዮርክ 25 ደቂቃ ነው። የባቡር ሙዚየሙ ከጣቢያው ኋላ ይገኛል፣ መግቢያውም ነፃ። በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስካሁን ያልተሰበረ የእንፋሎት ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ማላርድ እዚያ ቆሟል፣ የጃፓን ፈጣን ባቡርም አለ። የከተማውን የጥንት ግንብ መዞር ለትልልቅ ልጆች ደስ ይላል። ግን አንዳንድ ቦታ በውስጥ በኩል መከላከያ የለውም። በጋሪ አይሆንም፣ ሕፃን ልጅም በጀርባ እንጂ በእግር አታስኬዱ።

ስለ ወንዝ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቦልተን አቢ በጣም የሚያምር ቦታ ነው፤ ልጆች በወንዙ ላይ በተደረደሩት ድንጋዮች እየዘለሉ ይሻገራሉ። ከዚያ ላይ ስትሄዱ ግን ዎርፍ ወንዝ በጠባብ ድንጋይ መሃል የሚገባበት ስትሪድ የሚባል ቦታ አለ። በአንድ እርምጃ የሚዘለል ይመስላል። ውኃው ከሥር ጥልቅና ኃይለኛ ነው፣ ሰው ገድሏል። ከዳሩ ራቁ።

አያት ከአገር ቤት ሲመጡ

እማማ ወይም አባባ ሊጠይቋችሁ ሲመጡ ዕቅዱ ይቀየራል። ቀዝቃዛ ነፋስና ረጅም ደረጃ አይሆንም። ቴምፕል ኒውሳም ጥሩ ነው። ሰፊ ሜዳ አለው፤ የእርሻ ግቢው ውስጥ በቁጥር ጥቂት የቀሩ ጥንታዊ የላም፣ የበግና የአሳማ ዝርያዎች አሉ። ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ስለ ላሞቹ ከልጅ ልጆቻቸው የበለጠ የሚያውቁት ነገር አላቸው፤ ይናገሩ። ልጆቹ ያኔ ነው አያታቸውን እንደ አዋቂ የሚያዳምጧቸው። የእርሻው መግቢያ ይከፈልበታል፣ ሜዳው ነፃ ነው።

ሃርውድ ቤት በጸደይና በበጋ ይሆናል። ከሊድስ 36 ቁጥር አውቶቡስ የግቢው በር ላይ ያወርዳል። ውድ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያውል ነው፤ ፔንግዊኖችና ሌሎች ወፎች ያሉበት ግቢ፣ ሐይቅ፣ አበባ ሁሉ አለው። ቤቱን የሠራው ቤተሰብ ሀብት በካሪቢያን በባሪያ ጉልበት ከሚሠሩ እርሻዎችና ከባሪያ ንግድ የመጣ መሆኑን ቤቱ ራሱ ይናገራል። ከልጆች ጋር ሳታልፉት አውሩበት።

ለአያት ጋቢ ያዙላቸው፤ ካፖርት ላይ ቢደርቡት ማንም አያያቸውም፣ ሙቀቱም ይሻላል። የተሽከርካሪ ወንበር ከፈለጉ ሮያል አርመሪስን ጨምሮ ትልልቆቹ ቦታዎች ሊያውሱ ስለሚችሉ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። መቀመጫ ያለበትን ቦታ ከመግቢያው ካርታ ላይ ለዩና መንገዱን ከወንበር ወደ ወንበር አስቡት። አብሯቸው የሚያርፍ አንድ ትልቅ ልጅ መድቡ። ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ያወራቸዋል።